በሚሽን ግቢ እየሠሩ የደመወዝ ጭማሪ መጠየቅ ነውር ነው?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ በደቡብ ወሎ በአንዲት ከተማ፣ በካቶሊክ ሚሽን ግቢ ውስጥ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 4,500 ብር ነው፤ እጄ የሚገባው 4,100 ነው። ከዚያ ላይ ልጄ የታመመ ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ የተበደርኩት አለ፤ በየወሩ 2,000 ብር ይቆረጥብኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። እሑድ እዘምራለሁ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ እሠራለሁ። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሦስት ልጆች አሉን። ጭማሪ ስጠይቅ ‹ለእግዚአብሔር የሚሠራ ዋጋው በሰማይ ነው› ተባልኩ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ላም አለኝ በሰማይ› ይለኛል። መጠየቄ ኃጢአት ነው? ሕጉስ ይረዳኛል? ወይስ ትቼ ልውጣ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺን የያዘሽ ከብሩም በላይ ይሉኝታው መሰለኝ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ሙስሊም ነኝ። ግን ወሎ ነውና ለ9 ዓመት የአንድ የካቶሊክ ተቋም ደመወዝ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ወጥ ሠሪዋ ሙስሊም፣ ሾፌሩ ኦርቶዶክስ፣ መምህራኑ ከየአቅጣጫው። በረመዳን ሲስተሮቹ ማፍጠሪያ ሰዓት እንዳያልፍብን ከስብሰባ ያስወጡን ነበር። ይህን የምነግርሽ ነገሩን ከውጭ ሆኜ እንዳልፈረድኩ እንድታውቂ ነው። ያንን ግቢ እወደዋለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የሆነውን አልረሳም። የወሩ መጨረሻ ነው። ሠራተኛው እየመጣ ፔይሮሉ (የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር) ላይ ይፈርማል። የመጨረሻው መስመር የዘበኛው ነበር። ፊርማ አይችልም። አውራ ጣቱን የማኅተሙ ቀለም ላይ ጫን አድርጎ ወደ ወረቀቱ ሲያመጣው እጁ ይንቀጠቀጣል። ሌሊቱን በደሴ ብርድ፣ በአንድ ጋቢ ነው ያደረው። ጣቱ ከመስመሩ ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ላይ አረፈ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ሰዓቱን ማስላት ጀመርኩ። በሌሊት 12 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ሌሊት፣ 72 ሰዓት። የሚከፈለው የ48ቱ ብቻ ነው።

ወደ አለቃው ወደ አባ ሄድኩ። ሽማግሌ ካህን ነበሩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ተነስተው ከመደርደሪያቸው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረዱ፣ ገጹን ፈለጉና «አንብብ» አሉኝ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ ነበር። ቁጥር 1030። የቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳዳሪ ሠራተኛ ሲቀጥር የአገሩን የሠራተኛ ሕግ ያክብር ይላል። በውል ለሚሠሩለትም ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ማስተዳደር የሚችሉበት ፍትሐዊና ጨዋ ደመወዝ ይክፈል ይላል። አባ መነጽራቸውን አወለቁና «ይህን እኔ ራሴ ማንበብ ነበረብኝ» አሉ። በቀጣዩ ወር ሁለተኛ ዘበኛ ተቀጠረ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ ይኸው ነው። ኃጢአት አይደለም። የጠየቅሽው ቤተ ክርስቲያንሽ በራሷ ሕግ የጻፈችውን ነው።

ሕጉን በደንብ እንድታውቂው ትንሽ ልጨምርልሽ። ወሎ ከጥር 2007 ጀምሮ በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ነው። ሀገረ ስብከቱ የግዕዝ ሥርዓት ስለሆነ የሚገዛው እንደ ፈረንጆቹ በ1990 የወጣው የምሥራቅ ቀኖና ነው። አንቺን የሚመለከተው ሌላው ቁጥር 409 ነው። በቋሚነትም ሆነ ለጊዜው በቤተ ክርስቲያን ልዩ አገልግሎት የተሰማራ ምዕመን ለሁኔታው የሚገባ ክፍያ የማግኘት መብት አለው ይላል። ለራሱና ለቤተሰቡ የማኅበራዊ ዋስትናና የጤና መድን መብትም አለው ይላል። ቃሉ «መብት» ነው። ይህን የሚያነብ መቂ ወይም ሶዶ ወይም ሀዋሳ ያለ ሰው ካለ፣ እናንተ ዘንድ የላቲን ሥርዓት ስለሆነ ተመሳሳዩን ቁጥር 231 እና 1286 ላይ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እንደ ፈረንጆቹ በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» የተባለውን መልእክት ሲጽፉ አንዱ ዋና ጉዳያቸው የሠራተኛው ደመወዝ ነበር። እዚያ ላይ አንድ ሐሳብ አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። ሠራተኛው ሌላ አማራጭ አጥቶ ወይም የባሰ እንዳይመጣ ፈርቶ በማይበቃው ደመወዝ ቢስማማ፣ ያ ስምምነት ሳይሆን ግፍ ነው ይላሉ። በኋላ የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍም ቁጥር 2434 ላይ የሁለቱ ወገኖች መስማማት ብቻውን ደመወዙን ፍትሐዊ አያደርገውም ይላል። እንግዲህ «ፈርመሻል እኮ» ቢሉሽ ይህን አስቢ። በ2017 የተመረጡት ሊዮ 14ኛም ስሙን የመረጡት በዋናነት ለዚያ መልእክት ሲሉ እንደሆነ ራሳቸው ለካርዲናሎቹ ተናግረዋል። እኛም ዘንድ የሠራተኛውን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጡት ይባላል። ወንጌሉም «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ይላል። በዚህ ጉዳይ ወሎ ውስጥ የሚከራከር ሃይማኖት የለም።

ታዲያ «ዋጋሽ በሰማይ ነው» ያለችሽ ሰው ክፉ ናት ማለቴ አይደለም። ሲስተር ከሆነች፣ ከልቧ ብላው ይሆናል። እሷ የድህነት ስእለት ገብታለች። ደመወዝ የሚባል ነገር በእጇ አይገባም። አንቺንም በራሷ ሚዛን ነው የመዘነችሽ። ግን ልዩነቱን አስተውዪ። እሷ ብትታመም ማኅበሯ ያሳክማታል። ብታረጅ ማኅበሯ ይጦራታል። የቤት ኪራይ የለባትም፣ ደብተር የሚገዛለት ልጅ የለባትም። ስእለቱ ከነዋስትናው ነው። አንቺ ስእለት አልገባሽም፣ ተቀጥረሻል። የእሷን ድህነት ያለ እሷ ዋስትና መሸከም ማንም ሊጠይቅሽ አይገባም። ስትነጋገሩ ይህንን በፍቅር አስረጃት። ብዙዎቹ በዚህ በኩል አስበውት አያውቁም። ሲነገራቸው ይደነግጣሉ።

አሁን ወደ አገሩ ሕግ እንሂድ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 3 ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሥራ ግንኙነት በደንብ ከአዋጁ ውጭ ሊያደርግ እንደሚችል ይላል። ይህን ይዘው «እኛን ሕጉ አይመለከተንም» የሚሉ አሉ። ነገሩ እንደዚያ ደፍኖ የሚታለፍ አይደለም። ዋናው ጥያቄ የምትሠሪው ምንድን ነው የሚለው ነው። ቅዳሴ፣ ስብከት፣ ዝማሬ፣ ትምህርተ ክርስቶስ መንፈሳዊ አገልግሎት ነው። ፊደል ማስቆጠር፣ ሒሳብ መያዝ፣ መኪና መንዳት፣ መርፌ መውጋት፣ በር መጠበቅ ግን በየትኛውም ድርጅት ያለ ሥራ ነው። የአጸደ ሕፃናት መምህርትነትሽን የአዋጁ ሥራ አድርገሽ ያዢው። ቅዳሜ ከሰዓቱና እሑዱ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጥፎውን ዜና አስቀድሜ ልንገርሽ። 4,500 ብር ትንሽ ነው፣ ሕገ ወጥ ግን አይደለም። አዋጁ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። እስከዛሬ ግን ለግል ድርጅት ሁሉ የሚሠራ ወጥ ወለል አልተቀመጠም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄደሽ «ደመወዜ አነሰ» ብትዪ የሚፈረድልሽ ነገር የለም። ማነጻጸሪያ ግን አለሽ። መንግሥት በመስከረም 2018 የሠራተኛውን ደመወዝ ሲያሻሽል ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ነው የወጣው። 11 ዓመት ያስተማርሽው አንቺ ከአዲስ ተቀጣሪ ተላላኪ በታች ነሽ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዢው። ለክስ ባይሆንም ለውይይት ያገለግልሻል።

ጥሩው ዜና ደብዳቤሽ ውስጥ ነው ያለው። አንቺ ሳታስቢው ሁለት ነገር ነግረሽኛል።

አንደኛው ጡረታ ነው። 4,500 ተቀጥሬ 4,100 ይደርሰኛል ብለሻል። ልዩነቱ 400 ብር ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መጀመሪያዎቹ 2,000 ብር ግብር የለባቸውም። ከዚያ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ ነው፣ 300 ብር። ከ4,000 በላይ ላለው 500 ብር 20 በመቶ፣ 100 ብር። ድምሩ 400። ልክ ግብሩ ብቻ። ጡረታ ቢኖርሽ ኖሮ 7 በመቶ፣ ማለትም 315 ብር ይቆረጥ ነበር፤ እጅሽ የሚገባውም 3,785 ይሆን ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ ጡረታ አልተከፈለልሽም።

ብዙ ሰው በዚህ ይደሰታል። «እንኳን አልተቆረጠብኝ» ይላል። አሠሪው መክፈል የነበረበት 11 በመቶ ግን 495 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመር በወር 810 ብር፣ በአሁኑ ደመወዝሽ በዓመት 9,720 ብር ማለት ነው። ከብሩም በላይ ዓመቱ ነው የሚያንገበግበኝ። በ60 ዓመት ወጥቶ ዕድሜ ልክ ጡረታ ለማግኘት የሚጠየቀው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ነው። አንቺ 11 ሠርተሻል።

አሠሪሽ እዚህ ላይ መከራከሪያ ሊኖረው ይችላል። በ2003 የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞችን በፈቃዳቸው ይግቡ ነበር ያለው። አዋጁ በ2014 በአዲስ ተተክቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታጣሪው የትምህርት ቤቱ የሥራ ፈቃድ በማን ስም እንደሆነ ነው። በቤተ ክርስቲያኗ ስም ነው ወይስ ራሱን ችሎ? ይህን ይዘሽ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሂጂ። ስምሽን ሳትናገሪም መጠየቅ ትችያለሽ። በፈቃድ ነው ቢሉሽ ደግሞ ፈቃድሽን በጽሑፍ ስጪ። «በፈቃድ» ማለት ጠይቂ ማለት ነው። ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ለሠራተኛው የሚጠራቀም የቁጠባ ገንዘብ፣ ይኖራቸው እንደሆነም ጠይቂ። አንዳንድ ተቋም አስቀምጦ ለሠራተኛው አይነግረውም።

ሁለተኛው ብድሩ ነው። ከ4,500 ብር ደመወዝ በየወሩ 2,000 እየተቆረጠ ነው። አዋጁ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በጠቅላላ ከሲሶው እንዳይበልጥ ይከለክላል። የአንቺ ሲሶ 1,500 ብር ነው። እንዲያውም መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ሲፈቅድ፣ አለዚያም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። ፈርመሽ ነበር? ፈርመሽም ከሆነ ከሲሶ በላይ አይሄድም። ይህን ነገ ጠዋት ማስተካከል ይቻላል። ክርክር የለውም፣ ደብዳቤም ላያስፈልገው ይችላል። ገንዘብ ያዡ ጋ ገብተሽ አዋጁን ማሳየት ይበቃል። በወር 500 ብር ወዲያው ይመለስልሻል። አንቺ ከዚያም ዝቅ እንዲል፣ ለምሳሌ በወር 1,000 እንዲሆን ለምኚ። ዕዳው ይረዝማል፣ ልጆቹ ግን ይበላሉ።

አሁን ቅዳሜና እሑድ። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ። የብዙ ሚሽን ሠራተኛ ችግር እዚህ ነው ያለው።

ሥራና አገልግሎት ተደባልቋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቀጣሪ ነሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ካቴኪስት ነሽ። እሑድ ዘማሪ ነሽ፣ ቀጥሎ ወጥ ቤት። ግቢው አንድ፣ አለቃዋ አንድ፣ መቼ እንደምትሰጪ መቼ እንደምትሠሪ አንቺ ራስሽ አታውቂውም። አለቃሽም አታውቀውም። ስለዚህ ደመወዝ ስትጠይቂ አገልግሎትሽን የሸጥሽ ይመስላታል።

እኔ ለመለየት አንዲት ጥያቄ ነው የምጠይቀው። አንድ ቅዳሜ ብትቀሪ ምን ይሆናል? ልጆቹ ናፍቀውሽ ሌላ ሰው ከተካሽ፣ ያ መባሽ ነው። ቢሮ ተጠርተሽ «ለምን ቀረሽ» ከተባልሽና ሰኞ የሚጠብቅሽ ፊት ከተቀየረ፣ ያ ሥራ ነው። መባ የሚሆነው መስጠትም መተውም የምትችዪው ብቻ ነው። ይህን ለየብቻ በወረቀት አስቀምጪው። ደብተር ያዢ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደሠራሽ፣ ማን እንዳዘዘሽ።

ትምህርተ ክርስቶሱንና ዝማሬውን በፍቅር የምትሰጪው ከሆነ ስጪው። ገንዘብ አትጠይቂበት፤ ከልብሽ ያለ ነገር ነው። ወጥ ቤቱ ግን መባ አይደለም። እንግዳ መጥቶ እሑድ ታዘሽ ስትሠሪ በሳምንት ዕረፍትሽ የተሠራ ትርፍ ሰዓት ነው፣ ክፍያውም ሁለት እጥፍ ነው። ደመወዝሽ በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሰላ በሰዓት 21 ብር ከ63 ሳንቲም ይመጣል። ለ5 ሰዓት የእሑድ ሥራ 216 ብር። ብዙ አይደለም። ግን በዓመት ስንት እንግዳ ይመጣል? በበዓል ቀን ከሆነ ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

አንድ ነገር እንዳትዘነጊ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። የ11 ዓመቱን ወጥ ቤት ልመልስ ብትዪ አይሆንም። ያለፈውን ተዪው፣ ከዛሬ ጀምረሽ ጻፊ።

ከክፍያው በፊት «ብሩ አለ ወይ?» የሚለውን በቅንነት ማየት አለብን። እኔ ደብተሩን ከውስጥ አይቼዋለሁና ለሁለቱም ወገን እናገራለሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ከ100 አለፈ። ከውጭ በዶላር ወይም በዩሮ የሚደገፍ ተቋም ያው 10,000 ዶላር በፊት 570,000 ብር ነበር፣ አሁን ከ1,000,000 በላይ ነው። የጤፉም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። የሠራተኛው ደመወዝ ግን በብር ስለተጻፈ እዚያው ቀረ። ልዩነቱ የት ገባ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለጋሹም ቢሰማ ይህንኑ ይጠይቃል። በጀት ሲታደስ የደመወዙ መስመር አብሮ እንዲታደስ መጠየቅ ነውር የለውም።

በሌላ በኩል፣ ሁሉም ሚሽን ዶላር የለውም። አንዳንዱ አጸደ ሕፃናት የሚኖረው ወላጅ በሚከፍለው ወርኃዊ ክፍያ ነው። ወላጁ ደግሞ እንዳንቺ ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም የካቶሊክ ዕርዳታ ድርጅቶችም ክፉኛ ተመትተዋል። አውሮፓ ያሉት ማኅበራት አርጅተዋል፤ ገንዘብ የሚልኩት ደብሮች ምዕመን እያጡ ነው። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰባቸውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ያኔ ያለ ደመወዝ ግቢ ሲጠብቁ የከረሙ ዘበኞችን አውቃለሁ። እስካሁን ሳስታውሳቸው ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ስትገቢ ተቋሙን እንደ ጠላት አትዪው። ብሩ ከሌለ ከሌለ ነው። ግን «የለም» የሚለውም በቁጥር ይነገርሽ። የሌለውን ብር በሰማይ ዋጋ መሸፈን ግን ተገቢ አይደለም።

ብር ከሌለ ብር ያልሆነ ነገር አለ። ልጆችሽ እዚያው ግቢ በነፃ ወይም በግማሽ ይማሩ። ግቢ ውስጥ ክሊኒክ ካለ ቤተሰቡ በነፃ ይታከም። ባዶ ክፍል ካለ የቤት ኪራይ ይቅርልሽ። አንድ የማውቀው ተቋም ለሠራተኛው ከመኸር በኋላ በጅምላ ጤፍ ገዝቶ በገዛበት ዋጋ ያከፋፍል ነበር። ተቋሙን ያስወጣው የመኪና ኪራይ ብቻ ነው። ሠራተኛው ግን ሙሉውን ዓመት ያወራው ስለዚያ ጤፍ ነበር።

የምትጠይቂው በጽሑፍ ይሁን። አጭር፣ ጨዋ፣ ቁጥር ያለው። እንደዚህ ብትጽፊስ?

«ለተከበሩ ዳይሬክተር። በትምህርት ቤቱ 11 ዓመት በመምህርትነት አገልግያለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ፣ መቀጠልም እፈልጋለሁ። አሁን የማገኘው 4,500 ብር ቤተሰቤን ሊያስተዳድርልኝ አልቻለም። ስለዚህ አንደኛ፣ ደመወዜ ቢያንስ ከመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ከ6,000 ብር እንዳያንስ እንዲታይልኝ፤ ሁለተኛ፣ የጡረታ ምዝገባዬ እንዲጀመር፤ ሦስተኛ፣ የብድር ተቆራጩ ከደመወዜ ሲሶ በታች እንዲሆን፤ አራተኛ፣ የሥራ ዝርዝሬና የአገልግሎት ሰዓቴ ተለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የቀኖና ሕጉን ቁጥር 409 እና 1030 እንዲመለከቱልኝም እለምናለሁ።»

ከዚህ በላይ አትጨምሪ። ስለ ሌላ ሰው ደመወዝ አታንሺ። ስለ መኪናው፣ ስለ አዲሱ አጥር አታንሺ። ሁለት ኮፒ አድርጊ፤ አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ ይደረግበትና አንቺ ጋ ይቅር። አንድ ወር ጠብቂ። መልስ ካልመጣ የማኅበሩ የበላይ ኃላፊ ወይም የሀገረ ስብከቱ የገንዘብ ክፍል ጋ ያንኑ ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። ሰው ሁሉ አሁንም «ሠራተኛና ማኅበራዊ» የሚለው የከተማችሁ ጽሕፈት ቤት መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ መሄድ መብትሽ ነው። ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ይለቅ።

ብቻሽን አትግቢ። በግቢው ውስጥ እንዳንቺ ያሉ አሉ። ምናልባት ወጥ ሠሪዋ ከአንቺ ብሳ ይሆናል። እሷ ካቶሊክ ካልሆነች ደግሞ «ዋጋሽ በሰማይ» የሚለው ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ሦስት አራት ሆናችሁ ፈርማችሁ ብትገቡ አንዷን ነጥሎ መቀየም ያስቸግራል።

ትቼ ልውጣ ወይ ላልሽው፣ አሁን አይደለም። መጀመሪያ ደብዳቤው ይግባ። ግን መውጫሽን እወቂው፤ መውጫውን ያወቀ ሰው ረጋ ብሎ ይደራደራል። የአዋጁ ሠራተኛ ከሆንሽ፣ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የሥልጠና ውል ግዴታ ከሌለበት በራሱ ፈቃድ ሲወጣም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። በወር 30 ቀን ብናሰላው ያንቺ 4,500 እና 10 ጊዜ 1,500 ነው፣ በአጠቃላይ 19,500 ብር። ከመውጣትሽ 30 ቀን በፊት በጽሑፍ አስታውቂ። የቀረውን ብድር ከዚያ ላይ እንደሚያስቡብሽ ግን ጠብቂ። ይህንንም ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅሽ ያልፍሻል።

እስከዚያው ስለ ዕዳው። ከሱቅ ዱቤ ካለብሽ ያንን ለመክፈል ሌላ ብድር አትውሰጂ፤ ፀደይ ባንክም ሄደሽ ቢሆን። ዱቤ ወለድ የለውም፣ ባለሱቁን በፊቱ አነጋግሪው። አዲስ ዕቁብ ደግሞ ተቆራጩ እስኪስተካከል አትግቢ። የባጃጁ ገቢ በየቀኑ ስለሆነ ለየቀኑ ምግብ ይዋል፤ ያንቺው በወር ስለሚመጣ ለኪራዩና ለዕዳው ይሁን። ሁለቱን አንድ ኪስ አታድርጓቸው።

ፔይሮል ላይ ስትፈርሚ የምትፈርሚበትን መስመር አንብቢ። መሠረታዊ ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ ሌላ ተቆራጭ የሚሉ ዓምዶች አሉ። የጡረታው ባዶ ከሆነ ወይም የሌለ ከሆነ ስልክሽን አውጥተሽ የራስሽን መስመር ፎቶ አንሺ። የሌላውን ሰው አትንኪ። የብድሩ ውል ካለሽ እሱንም አብረሽ ያዢና ላኪልኝ። ስንት እንደቀረብሽ አይተን በወር 1,000 ሲሆን መቼ እንደሚያልቅ አሰላልሻለሁ።